ጫጩት እንዴት ይያዛል?

ዘንድሮ የግብርና ክበባችን 12 የአንድ ቀን ጫጩቶች ተረክቦ ማሳደግ ጀመረ። ዛሬ 11ዱ አድገዋል። አንዷ ግን በሁለተኛው ቀን ሞተችብን። የገደላት በሽታ ወይም ረሃብ አልነበረም። ታናናሾቻችን ስለወደዷት ተራ በተራ እየተቀባበሉ ጥብቅ አድርገው ያዟት፤ እኛም አጠገባቸው ቆመን እንስቅ ነበር።

ምክንያቱን ኋላ ከመምህራችን ተረዳን። እኛ ስንተነፍስ ከሳንባችን በታች ያለው ድያፍራም የተባለ ጡንቻ ያግዘናል። ዶሮ ግን እንዲህ ያለ ጡንቻ የላትም፤ አየር የምታስገባውም ሆነ የምታስወጣው የደረትና የጎድን አጥንቶቿን በማንቀሳቀስ ነው። ስለዚህ ደረቷ ከተጨመቀ አፍንጫዋ ክፍት ቢሆንም ትታፈናለች።

ጫጩት ስትፈለፈል ጥጥ የመሰለ ለስላሳ ላባ ይሸፍናታል። ይህ ብቻውን ከብርድ አያድናትም፤ በተለይ እንደ ናይሮቢ ባለ በሐምሌ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝ ከተማ። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ያስፈልጋታል፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። ጫጩቶቹ አምፖሉ ሥር ከተደራረቡ በርዷቸዋል፤ ርቀው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል ማለት ነው።

እውነተኛው ላባ መጀመሪያ በክንፍ፣ ቀጥሎም በጅራት ይታያል። በ6 ሳምንት ገደማ አብዛኛው ሰውነት ይሸፈናል። አዲስ ላባ ከቆዳ ሲወጣ በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ መርፌ ይመስላል። በውስጡ ደም ስለሚመላለስ ከተሰበረ ይደማል፤ ያማል። ላባው አድጎ ሲጨርስ ደሙ ይቋረጣል፤ ሽፋኑም እንደ ፎረፎር ይራገፋል። ጫጩትን በክንፏ ማንሳት የማይገባው ለዚህ ነው።

አሁን በክበባችን የምንከተለው ደንብ ይህ ነው፦

• ጫጩት የሚይዝ ሰው መሬት ላይ ይቀመጥ፤ ብታመልጠው ከከፍታ አትወድቅም።
• እጅ ከላይ አይምጣባት፤ ጭልፊት የመጣ ይመስላታልና። ከጎን ቀርበን መዳፋችንን ከሥሯ እናስገባ።
• ሌላው እጅ ጀርባዋን ሳይጫን ይክደናት።
• ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ወደ ሙቀቷ እንመልሳት።
• ጫጩት ጤነኛ መስላ ሳልሞኔላ የተባለ ባክቴሪያ ልትይዝ ስለምትችል አንሳማት፤ እጃችንን በሳሙና እንታጠብ።

ወላጆችም በቤት ጫጩት ካላችሁ ሕፃናትን ከጫጩት ጋር ብቻቸውን አትተዉ። የእኛ ታናናሾች ዛሬም ይመጣሉ። መሬት ላይ ተቀምጠው መዳፋቸውን ይዘረጋሉ፤ ጫጩቷም ስትፈልግ ራሷ ትወጣበታለች።