ሥዕልንና ጽሕፈትን በሙቀት ኀይል በልብስ ላይ ስለ ማተም

ልብስ ገላን ከብርድና ከፀሓይ ከመጠበቁም በላይ የለባሹን ማንነት ያሳያል። ስለዚህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ስማቸውንና ምልክታቸውን በተማሪዎች ካናቴራ ላይ ያሳትማሉ። ነገር ግን ወላጆች ተቸግረው ባዋጡት ገንዘብ የተሠራው ኅትመት በጥቂት እጥበት ተልጦ ሲወድቅ፤ ገንዘቡም ድካሙም ከንቱ ይሆናል። ይህም ጥፋት ብዙ ጊዜ የሚመጣው የሥራውን ምክንያት ካለማወቅ ነው።

ሥራው በሁለት መንገድ ይፈጸማል። ፊተኛው፤ በጀርባው ሙጫ ያለበትን ስስ ላስቲክ ቈርጦ በጋለ ብረት መለጠፍ ነው። ሙጫው በሙቀት ይቀልጣል፤ ሲጫኑትም በክሮቹ መካከል ይገባል፤ በበረደም ጊዜ ይጠነክራል። ይህ ለጥጥም ለፖሊስተርም ይሆናል።

ሁለተኛው፤ ቀለሙ ብቻ ከወረቀት ወደ ጨርቅ የሚተላለፍበት ነው። በልብስ ሣጥን የምናኖረው የብል መድኃኒት ፈሳሽ ሳይሆን በተን እያለቀ እንደሚጠፋ፤ እንዲሁ ይህ ቀለም ሲግል ሳይቀልጥ ተን ይሆናል። የፖሊስተር ክር በሙቀት ሲላላ ተኑ ወደ ውስጡ ይገባል፤ ሲበርድም እዚያው ታስሮ ይቀራል። ጥጥ ግን ይህን ቀለም አይዝምና፤ በሀገራችን የጥጥ ሸማ ላይ ቢታተም በእጥበት ይጠፋል። ደግሞም ቀለሙ የጨርቁን መልክ ስለማይሸፍን ነጭ ወይም ፈዛዛ ጨርቅ ያስፈልገዋል።

የጨርቁን ዓይነት ለመለየት ከጠርዙ አንድ ክር መዝዞ፤ በወረንጦ ይዞ ማቃጠል ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ ለስላሳ ዐመድ ይሆናል። ፖሊስተር ግን ይኰማተርና ቀልጦ እንደ ዶቃ ይደርቃል። የቀለጠው ጠብታ ገላ ያቃጥላልና ይህን ፈተና መምህሩ ራሱ ያድርገው እንጂ ለሕፃናት አይተው።

የሥራው ተራ ይህ ነው። በመጀመሪያ፤ ጽሕፈቱ በመስተዋት እንደሚታይ ተገልብጦ ይዘጋጅ፤ ያለዚያ የትምህርት ቤቱ ስም በልብሱ ላይ የተገለበጠ ይሆናል። ሁለተኛ፤ ልብሱ በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ለጥቂት ሴኮንድ ይተኰስ፤ በጨርቁ ውስጥ የቀረ እርጥበት ሙቀቱን ይሻማልና። ሦስተኛ፤ ላስቲኩ ከ150 እስከ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ሙቀት ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ ይጫን፤ የተኑ ቀለም ግን 200 ዲግሪ ያህል ሙቀትና ከ45 እስከ 60 ሴኮንድ ይፈልጋል። ሠሪው በዕቃው ላይ የጻፈው ልክ ካለ እርሱ ይቅደም።

ለላስቲኩ የኤሌክትሪክ ካውያ የሚጠቀም ሰው ውሃውን አስቀድሞ ያፍስስ፤ ካውያውንም በኀይል ይጫን እንጂ ወዲያና ወዲህ አይጐትት። የተኑ ቀለም ግን እኩል የሚግል የማተሚያ መኪና ይፈልጋል። የከሰል ካውያ ግለቱ ስለማይለካ ለሁለቱም አይታመንም። ክፍሉም ነፋስ የሚገባበት ይሁን።

ላስቲክ የተለጠፈበት ልብስ እስከ 24 ሰዓት አይታጠብ፤ ከዚያም በኋላ ተገልብጦ በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ፤ በኅትመቱም ላይ ካውያ አይለፍበት።

እንግዲህ መምህራንና ሽማግሎች ሆይ፤ መቶ ልብስ ከማሳተም አስቀድሞ አንዱን አሳትሞ፤ አጥቦና አድርቆ መመልከት ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህም ሥራ ይሆናል።