መብራት ሲጠፋ የዓሣ ገንዳ ውሃ ስለምን ይፈሳል?

በቤት ውስጥ ዓሣ የሚያሳድጉ ሰዎች ከመስተዋቱ ገንዳ በታች ለማጣሪያ የሚሆን ሌላ ገንዳ ያኖራሉ። ከላይኛው ሞልቶ የተረፈው ውሃ በመውረጃው ቧንቧ በገዛ ክብደቱ ይወርዳል፤ ከተጣራም በኋላ ፓምፑ በመመለሻው ቧንቧ ወደ ላይ ይገፋዋል።

ችግሩ የሚመጣው መብራት በጠፋ ጊዜ ነው። የመመለሻው ቧንቧ አፍ በላይኛው ውሃ ውስጥ ጠልቆ ከሆነ ቧንቧው ሲፎን ይሆናል። ይኸውም ውሃው በወጣበት መንገድ ተመልሶ ይወርዳል፤ አፉ አየር እስኪያገኝ ድረስም አያቆምም። ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ እንውሰድ። አፉ 3 ሳንቲ ሜትር ቢጠልቅ የሚወርደው 12 ሊትር ነው፤ 20 ቢጠልቅ ግን 80 ሊትር! የታችኛው ገንዳ ለዚህና በቧንቧዎቹ ውስጥ ላለው ውሃ የሚበቃ ባዶ ቦታ ከሌለው ወለሉ ይጥለቀለቃል።

ስለዚህ አፉን ከውሃው ገጽ አጠገብ ማድረግ፣ ከገጹም ጥቂት ዝቅ ብሎ ቧንቧውን በትንሹ መብሳት ይገባል። ውሃው ዝቅ ሲል በቀዳዳው አየር ገብቶ ሲፎኑን ይቆርጠዋል። አንዳንዶች ውሃ ወደ ኋላ በማያሳልፍ ቫልቭ ይተማመናሉ፤ እኛ ግን በእርሱ ብቻ መተማመንን አንመክርም፤ ጥቂት አሸዋ ወይም ዝቃጭ ከገባበት አጥብቆ አይዘጋምና። ቀዳዳውም ቢሆን በአልጌ ይደፈናል፤ በየጊዜው ይጠረግ።

መውረጃው የሚንጎራጎረው አየር ከውሃው ጋር ስለሚገባ ነው። በቫልቭ ጠበብ ቢደረግ ድምፁ ይጠፋል፤ ነገር ግን ቅጠል ቢይዘው ውሃው ከላይ ይፈሳልና ቫልቭ የሌለው ሁለተኛ መውረጃ ከፍ ብሎ ይተከል። ዓሣው ሳይገባ በፊት ፓምፑን ነቅሎ፣ ባልዲ አቅርቦ ሁሉንም መፈተን ነው።