ሊዮ ማኬሪ፦ ኮሜዲን ያዘገየ ዳይሬክተር

ሊዮ ማኬሪ እ.ኤ.አ. በ1898 ሎስ አንጀለስ ተወለደ፣ ጥብቅናን ሞክሮ ተወው፣ በፊልም ዳይሬክተርነት ሁለት ኦስካር ወስዶ በ1969 አረፈ። ስሙ ሲነሳ «ሎሬልና ሃርዲን ያጣመረው» ይባልና ወሬው እዚያው ያበቃል። ይህ ሰውየውን ማሳነስ ነው። ሁለት ተዋናዮችን ማገናኘት አጋጣሚም ሊሆን ይችላል፤ የማኬሪ ትልቁ ሥራ ግን የኮሜዲን ፍጥነት መቀነሱ ነው። በ1920ዎቹ ሃል ሮች ስቱዲዮ ሲገባ፣ ድምፅ አልባው ኮሜዲ በአብዛኛው ሩጫ ነበር፤ ፖሊስ ያባርራል፣ መኪና ይገለበጣል፣ አንዱ ጥፊ ሳይበርድ ሌላው ይደገማል። እሱ በበላይነት በተቆጣጠረውና ጄምስ ሆርን ባዘጋጀው «ቢግ ቢዝነስ» (1929) ግን ሎሬልና ሃርዲ የገና ዛፍ ሊሸጡ ሄደው ከአንድ ቤት ባለቤት ጋር ሲጣሉ ማንም አይሮጥም። እነሱ ቤቱን ያፈርሳሉ፣ እሱ መኪናቸውን ይበታትናል፤ አንዱ ሲያጠፋ ሌላው ቆሞ ይመለከታል፣ ጉዳቱን ይመዝናል፣ ከዚያ ተራውን ይቀበላል። የሚያስቀው ያ ትዕግሥት ነው። ፊልሙን እያሳለፉ የሚያዩ ሰዎች ቀልዱን ራሱን እንደሚዘሉት ባወቁ!

ዝግታው የስታን ሎሬል እንጂ የማኬሪ አይደለም የሚል ይኖራል። ሎሬል ቀልድ ፈጣሪ እንደነበር አይካድም። ነገር ግን ያው ዝግታ ሎሬል በሌለበትም ይገኛል። ማኬሪ ያዘጋጀው የማርክስ ወንድማማቾች «ዳክ ሱፕ» (1933) በንግግር ጥድፊያው ቢታወቅም፣ ሃርፖ የግራውቾ የመስታወት ምስል መስሎ የሚቆምበት ትዕይንት ቃል የለውም። የመስታወቱን ቀልድ ከማኬሪ በፊት ማክስ ሊንደር ሠርቶታል፤ እዚህ ሚዛን የሚደፋው አንዱ ሌላውን ለመያዝ የሚጠብቅበት ርዝመት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን የሚያስለቅሰው ፊልሙ፣ «ሜክ ዌይ ፎር ቱሞሮው» (1937) ነው። ቤታቸውን ያጡ አዛውንት ባልና ሚስት በልጆቻቸው መካከል ተከፋፍለው ይኖራሉ። ምራትየዋ ሳሎኗ ውስጥ ብሪጅ የተባለውን የካርታ ጨዋታ ስታስተምር፣ አሮጊቷ ተወዛዋዥ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ወንበሩ ይንቋቋል፤ ተጫዋቾቹ ዞር ይላሉ፤ እንደገና ይንቋቋል። እስከዚህ ንጹሕ ኮሜዲ ነው፣ አሠራሩም የሮች ስቱዲዮው ነው። ከዚያ ባለቤታቸው ከሩቅ ይደውላሉ፤ አሮጊቷ ስልኩ የማያሰማ ይመስል ጮክ ብለው ያወራሉ፣ እንግዶቹም መጀመሪያ ይታዘባሉ። ማኬሪ ግን ትዕይንቱን አይቆርጠውም። ናፍቆታቸው እየተሰማ ሲሄድ የእንግዶቹ ፊት ይለወጣል፤ ለሳቅ የተዘጋጀው ጥበቃ ለሐዘን ይውላል። ተቺዎች ኮሜዲውን ማኬሪና አስለቃሹን ማኬሪ ለሁለት ከፍለው ሲያስተዋውቁት ይህን አላስተዋሉም።

ፊልሙ ገበያ አላገኘም፤ ፓራማውንትም ማኬሪን አሰናበተው። በዚያው ዓመት ለኮሎምቢያ በሠራው «ዘ ኦውፉል ትሩዝ» የመጀመሪያ ኦስካሩን አገኘ። ሽልማቱን ሲቀበል አመስግኖ፣ የሸለሙት ግን በተሳሳተው ፊልም መሆኑን ነገራቸው ይባላል።