በርስቱ የኖረ ትምህርት ቤት

አዲስ ትምህርት ቤት ሲመረቅ ሕዝብ የሚያደንቀው ሕንፃውን ነው፤ የመምህሩ ደመወዝና የተማሪው ቀለብ በየዓመቱ ከየት እንደሚገኝ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በጀርመን አገር ሦስት መቶ ዐርባ ዘጠኝ ዓመት ኖሮ የተዘጋው የዮአኪምስታል ጊምናዚየም ታሪክ ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ ይሰጣል። ጊምናዚየም በጀርመኖች ዘንድ ተማሪን ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ትምህርት ቤቱን በ1607 ዓ.ም. የመሠረተው የብራንደንቡርግ ገዢ ዮአኪም ፍሪድሪኽ ነው። ይህ መስፍን የጀርመንን ንጉሠ ነገሥት ለመምረጥ ሥልጣን ከነበራቸው ጥቂት መሳፍንት አንዱ ሲሆን፥ ትምህርት ቤቱን ያቆመው ከበርሊን በስተሰሜን ምሥራቅ፥ ራሱ በቈረቈራትና በስሙ በተጠራችው በዮአኪምስታል ከተማ ነበር። ሐሳቡም 120 ብልህ ልጆችን እያሳደረና እየቀለበ አስተምሮ ለቤተ ክህነትና ለመንግሥት ሥራ ማብቃት ነበር።

መስፍኑ ግን ወጪውን በግምጃ ቤት ችሮታ ላይ አልጣለውም። ቀድሞ የገዳም ይዞታ የነበረውን የዳምቤክን ርስት ጨምሮ የእርሻ መሬትና ደን ለትምህርት ቤቱ ሰጠ። በቀድሞው ያገራችን ሥርዓት ቢነገር ጉልት ተተከለለት ማለት ነው። ገቢውን የሚሰበስብና ሒሳቡን የሚይዝ የራሱ የርስት አስተዳደርም ነበረው።

የዚህ አሠራር ጥቅም ብዙ ሳይቈይ ተፈተነ። በሠላሳው ዓመት ጦርነት ጊዜ፥ በ1636 ዓ.ም.፥ የሳክሶን ወታደሮች ትምህርት ቤቱን ዘርፈው አጠፉት፤ መምህራኑና ተማሪዎቹም ሸሹ። ይሁን እንጂ ወታደር ቤት ያቃጥላል እንጂ መሬት ተሸክሞ አይሄድም፤ ስለዚህ ትምህርት ቤቱ በበርሊን እንደገና ሊቋቋም ቻለ።

በዚያም ዝናው ገነነ። ፈላስፋው ዮሐን ጌኦርግ ዙልትሰር ከ1747 ዓ.ም. ጀምሮ የሒሳብ ትምህርት አስተማረበት፤ ባለቅኔው አኪም ፎን አርኒም ተማረበት፤ የግሪክ ሥነ ጽሑፍ ሊቅ አውጉስት ማይነከ ከ1826 እስከ 1857 ዓ.ም. መራው። በ1880 ዓ.ም. በበርሊን ዳርቻ ወደ ተሠራለት ታላቅ ሕንፃ ገባ፤ በ1912 ዓ.ም. ደግሞ በስተሰሜን ወደምትገኘው ወደ ቴምፕሊን ከተማ ተዛወረ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቴምፕሊን በሶቪየት ሠራዊት ሥር ዋለች። በ1945 ዓ.ም. በታወጀው የመሬት ሥሪት ለውጥ ከ100 ሄክታር በላይ የሆነ የግል ርስት ሲወረስ የትምህርት ቤቱም ርስት አብሮ ሄደ። ያለ ርስቱ የኖረው ዐሥራ አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ በ1956 ዓ.ም. ተዘጋ። የበርሊኑ ሕንፃው ግን ዛሬም ቆሞ የኪነ ጥበባት ዩኒቨርሲቲ ይገለገልበታል።

እንግዲህ እሳትና ዘረፋ ያልገደሉትን ትምህርት ቤት አንድ ዐዋጅ አዳከመው። ለትምህርት ገንዘብ የሚለግስ ነጋዴ ለአንድ ጊዜ ግንብ ብቻ ከሚሰጥ፥ በየዓመቱ ኪራይ የሚያስገባ ሱቅ ወይም ፍሬ የሚሰጥ እርሻ ጨምሮ ቢተው ስጦታው ከእርሱ ዕድሜ በኋላ ይኖራል። ንብረት ግን ራሱን አይጠብቅም። ውሉን መዝግቦ በሕግ ማጽናት፥ ሒሳቡንም በየጊዜው መመርመር የአስተዳዳሪው ድርሻ ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲጐድል ሕንፃው ይቀራል፤ ትምህርት ቤቱ አይቀርም።