ከጡት ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚዘገይ የቁስል መዳን

የጡት ካንሰር በኢትዮጵያውያት ሴቶች ላይ ከሚታዩት የካንሰር ዓይነቶች ሁሉ ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛል። ብዙዎቹ ታካሚዎች ወደ ሐኪም የሚቀርቡት እብጠቱ ከገፋ በኋላ በመሆኑ፣ ጡትን በብብት ከሚገኙት ንፍፊቶች ጋር በሙሉ ማውጣት ዛሬም በሆስፒታሎቻችን በብዛት የሚከናወን ቀዶ ሕክምና ነው። ቀዶ ሕክምናው በሪፈራል ሆስፒታል ይፈጸም እንጂ ቁስሉ የሚጠረገውና ስፌቱ የሚፈታው አብዛኛውን ጊዜ ለታካሚዋ መኖሪያ ቅርብ በሆነው ጤና ጣቢያ ነው። ይህ ጽሑፍም በዋነኛነት የታሰበው በዚያ ለሚገኙ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖችና ጠቅላላ ሐኪሞች ነው።

የቁስሉ ጉዳይ ከቁስሉ በላይ የሆነ ትርጉም አለው። ኬሞቴራፒ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጥ ከሆነ እንደ ልማዱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀመራል፤ ከ90 ቀን በላይ ሲዘገይ የታካሚዎች በሕይወት የመቆየት ዕድል እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። የጨረር ሕክምናም በአመዛኙ የዳነ ቆዳን ይጠይቃል። በመሆኑም ሁለት ወር ሙሉ ሳይሽር የሚቆይ ቁስል የካንሰሩን ሕክምና ጭምር ይዞ ያዘገያል።

ቁስሉ ለምን ይዘገያል?

በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የደረቱ ቆዳ ከጡቱ ሕብረ ሕዋስ ላይ ተገፍፎ ይነሣል። ከሥር ወደ ቆዳው የሚመጡት ትናንሽ የደም ሥሮች ስለሚቆረጡ፣ ቆዳው ከጠርዝ በሚደርሰው ደም ብቻ እንዲኖር ይገደዳል። ሽፋኑ ከመጠን በላይ ከሳሳ ወይም ስፌቱ ተወጥሮ ከታሰረ ጠርዙ ደም ያጣል። የስኳር በሽታ፣ ሲጋራ ማጨስ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ የምግብ እጥረት፣ ስቴሮይድ መድኃኒቶችና ቀደም ሲል የተሰጠ ጨረር አደጋውን ያባብሳሉ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ደረቱ በፍጥነት ካበጠና ከጠቆረ፣ በድሬኑም ትኩስ ደም የሚፈስ ከሆነ ደም እየተጠራቀመ ነውና ታካሚዋ ሳይዘገይ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል መመለስ አለባት።

ከሁሉ በብዛት የሚያጋጥመው ግን ሴሮማ፣ ማለትም ከቆዳው ሥር የሚጠራቀመው ጠራ ያለ ቢጫ ፈሳሽ ነው። ድሬኑ እንደ ሆስፒታሉ ልማድ በ24 ሰዓት የሚወጣው ፈሳሽ ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲሆን ይነቀላል። ከዚያ በኋላ የሚጠራቀም ትንሽ ሴሮማ ራሱን ችሎ ስለሚመጠጥ ባይነካ ይመረጣል። ቆዳውን የሚወጥር ወይም የሚያሳምም ከሆነ ንጽሕናውን በጠበቀ መንገድ በመርፌ ይቀዳል። አካባቢው ብዙውን ጊዜ ስሜት ስለሌለው መርፌው እምብዛም አያምም፤ ይህ ለሠሪው ምቹ ቢሆንም ለግዴለሽነት በር ይከፍታል። በየሁለት ቀኑ ያለ በቂ ጥንቃቄ የሚወጋ ሴሮማ መግል ሆኖ ሊመለስ ይችላል።

የጠቆረ ቆዳ

የቆዳው ጠርዝ መሞት የሚታወቀው በቀለም ነው፤ መጀመሪያ ወደ ሐምራዊነት ያደላል፣ ቀጥሎም በሳምንት ገደማ ውስጥ ይጠቁራል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። ደረቅ፣ ጠርዙ ከጤነኛው ቆዳ ጋር የተያያዘና ሽታ የሌለው ጥቁር ቅርፊት በሥሩ አዲስ ቆዳ እስኪያድግ እንደ ሽፋን ያገለግላል። ወሰኑ ሳይለይ በችኮላ የሚቆርጥ እጅ ሊተርፍ የሚችለውን ቆዳ አብሮ ያነሣል። ቅርፊቱ ከረጠበ፣ ከሸተተ ወይም ከሥሩ መግል ከወጣ ግን የሞተው ሥጋ መወገድ አለበት፤ ሰፊ ከሆነ ቆዳ መትከል ስለሚያስፈልግ ወደ ቀዶ ሐኪሙ ይላካል።

ኢንፌክሽን በአብዛኛው ከ5ኛው ቀን በኋላ በመቅላት፣ በሙቀት፣ በሕመምና በፍሳሽ ይገለጣል፤ ዋነኛው አምጪ ስታፊሎኮከስ ኦውሪየስ ነው። የተቋጠረ መግል ካለ ስፌቱ ተከፍቶ ይውጣ፤ ያለዚያ አንቲባዮቲክ ብቻውን አያድንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ ለመከላከል የሚሰጠው አንቲባዮቲክ ቆዳው ከመቆረጡ በፊት ባሉት 120 ደቂቃዎች ውስጥ እንዲሰጥና ድሬን አለ በሚል ምክንያት እንዳይራዘም ይመክራል። የቆዳው መቅላት በሰዓታት ውስጥ የሚስፋፋ፣ ሕመሙ ከሚታየው ቁስል ጋር የማይመጣጠን፣ ሲዳሰስ የሚንኮሻኮሽ ወይም የደም ግፊት የሚወርድ ከሆነ ግን ሞት ሊያስከትል የሚችል ኢንፌክሽን ነውና በደም ሥር አንቲባዮቲክና ፈሳሽ ጀምሮ ወዲያውኑ ማስተላለፍ ይገባል።

ክፍት ቁስልን መንከባከብ

የተከፈተ ቁስል በሳላይን ይታጠባል፤ ሳላይን ከሌለ 9 ግራም ጨው በ1 ሊትር ውኃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ ይቻላል። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድንና ጠንካራ አዮዲንን በየዕለቱ መጠቀም በብዙ ጤና ተቋማት የተለመደ ቢሆንም አዲስ የሚበቅለውን ቀይ ሥጋ ይጎዳል። በሳላይን የራሰ ጎዝ ሳይጨናነቅ በልል ይቀመጥ፤ ደርቆ የተጣበቀውንም ሳያርሱ መንጨት አይገባም።

የምግብ ጥያቄ በተለይ በጾም ወራት ይነሣል። ቁስል ፕሮቲን ይፈልጋል። ታካሚዋ እንቁላልና ወተት እንድትወስድ ሲመከሩ፣ ለሕሙማን የተፈቀደውን ከንስሐ አባቷ ጋር እንድትነጋገር ማድረግ ከክርክር ይሻላል፤ ጾሙን የማትተው ከሆነም ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ኦቾሎኒ በብዛትና ደጋግማ ትመገብ። ጠበል የምትሄድ ከሆነ በክፍት ቁስል ላይ እንዳይፈስ፣ ቅቤና ቅጠልም እንዳይቀባ በአክብሮት ይነገራት። ስሜት በሌለው ደረት ላይ የሞቀ ነገር ማስቀመጥ ሳይታወቅ እንደሚያቃጥልም ማስረዳት ያስፈልጋል።

በተገቢው እንክብካቤ በ6 ሳምንት ውስጥ የማይጠብ ቁስል ሌላ ምክንያት ይፈለግለት፤ በውስጡ የቀረ ክር ወይም የድሬን ቁራጭ፣ ያልታወቀ ስኳር፣ ኤችአይቪ፣ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ በቆዳ ላይ የሚያመጣው ሕመም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የካንሰሩ መመለስ። ጠርዙ የጠጠረ ወይም በአጠገቡ ትናንሽ እብጠቶች ያሉት ቁስል ናሙና ተወስዶለት መመርመር አለበት።

በሌላ በኩል፣ ንጹሕና እየጠበበ ያለ ትንሽ ክፍተት ኬሞቴራፒን ለማስቆም ብቻውን ላይበቃ ይችላል። ውሳኔው የካንሰር ሐኪሙ ስለሆነ «ቁስሉ ይዳን እንጂ» እየተባለ ቀጠሮዋ እንዳያልፍ የቁስሉ ስፋትና ሁኔታ ተጽፎ በቀጠሮው ቀን ትላክ። ብዙ ጊዜ ከሆስፒታል የሚመጣው ወረቀት «በየሁለት ቀኑ ይጠረግ» ከማለት አያልፍም፤ የተሠራው ቀዶ ሕክምና ምን እንደሆነ፣ ድሬኑ የተነቀለበት ቀንና የፓቶሎጂው ውጤት መድረሱ ካልተገለጸ፣ ጤና ጣቢያው ራሱ ደውሎ ይጠይቅ።