ደብተሩ ነጭ ሆኖ ሲመለስ

ከሰዓት በኋላ የግቢው በር ሲከፈት ወላጆች መጀመሪያ የሚያዩት የልጃቸውን ፊት ነው፤ ቀጥለው ቦርሳውን ይከፍታሉ። አንድ ገጽ ሙሉ «ሀ»፣ ሌላ ገጽ ሙሉ «ኤ»፣ ከሥሩም የቀይ እስክሪብቶ ምልክት ካገኙ ቀኑ በከንቱ አልዋለም። ገጹ ነጭ ከሆነ ግን ጥያቄው ይመጣል፦ «ሚስ፣ ዛሬ ምንም አልተማሩም እንዴ?» በአዲስ አበባ አፀደ ሕፃናት ለምናስተምር ሰዎች ይህ የየዕለት ጥያቄ ነው። የሚጠይቁት ደግሞ ከአስቤዛ ላይ ቀንሰው የሚከፍሉ ወላጆች ናቸውና በቁም ነገር መመለስ ይገባዋል። በር ላይ ቆሜ ልጅ እያስረከብኩ ልመልሰው ስለማልችል ነው እዚህ የምጽፈው።

ከእጅ ልጀምር። የአራት ዓመት ልጅ እርሳስ ሲሰጡት በጭብጡ ሙሉ ይይዘዋል፤ የሚያንቀሳቅሰውም በጣቱ ሳይሆን በክንዱና በትከሻው ነው። ይህ ስንፍና አይደለም። በእጅ አንጓ ውስጥ ያሉት ስምንት ትንንሽ አጥንቶች በዚያ ዕድሜ ሁሉም ገና አልጠነከሩም። እርሳስን በሦስት ጣት ይዞ በቀላሉ ማንቀሳቀስ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ወደ አምስትና ስድስት ዓመት ሲጠጋ ነው። እስከዚያ ድረስ ጣትን የሚያጠነክረው ጭቃ መጠፍጠፍ፣ የተበሳ ቆርኪ በክር መሰካት፣ ወረቀት መቅደድ፣ የሀይላንድ ክዳን መክፈትና መግጠም ነው። ከፍ ያሉት ልጆች ቅልሞሽ ሲጫወቱ ልብ ብላችሁ እዩ፦ አንዱን ጠጠር ወደ ላይ ወርውሮ፣ ሌላውን ከመሬት አንስቶ፣ የተወረወረውን መቅለብ። ጽሕፈት የሚፈልገው የዓይንና የእጅ መግባባት ይኸው ነው። ያለጊዜው እርሳስ የተጫነበት ልጅ እጁ ቶሎ ይዝላል፣ ወረቀቱ ይቀደድበታል፣ ይቆጡታል። በየዓመቱ መስከረም ላይ ከሌላ ቦታ የሚመጡ እንዲህ ያሉ ልጆች ያጋጥሙኛል፤ ደብተር ገና ሳይገለጥ ፊታቸውን ያዞራሉ። እነሱን ወደ እርሳስ መመለስ ከዜሮ ከመጀመር ይልቅ ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

ፊደልም እንዲሁ ነው። ሀ ሁን በዜማ ከዳር እስከ ዳር የሚወርድ ልጅ አለ፤ ቤት እንግዳ ሲመጣ ተነስቶ ይለዋል፣ ይጨበጨብለታል። ከመሀል «ሙ»ን ጠቁማችሁ «ይሄ ማን ይባላል?» ስትሉት ግን ከ«መ» ይነሳና በዜማው ተንደርድሮ ይደርስበታል። ዜማውን አውቋል፣ ፊደሉን ገና አልለየም። የኔታ ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ልጁ ሀ ሁን በስንደዶ እየጠቆመ ከዘለቀ በኋላ አቡጊዳን ያስቀጽሉታል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። እዚህ ላይ ፊደሉም በየደረጃው ይቀየራል፣ ድምፁም ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ይሄዳል፤ በሀ ሁ ዜማ ብቻ የመጣ ልጅ እዚህ ይያዛል፣ መልኩን እያየ የለየው ያልፋል። የቄስ ትምህርት ቤትን ሽምደዳ ብቻ አድርገው የሚያወሩ ሰዎች ይህን ብልሃት ቢያስተውሉት ደስ ይለኛል።

33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ምልክት ይሆናሉ። ያ ሁሉ ለሚጠብቀው ልጅ እኔ በመጀመሪያዎቹ ወራት የማሠራው ጆሮውን ነው። «ዶ-ሮ» እንላለን፣ ሁለቴ እናጨበጭባለን። «ከ-በ-ሮ» እንላለን፣ ሦስቴ። በስማቸውም እናጨበጭባለን፤ የማን ስም ረጅም እንደሆነ ይከራከራሉ። በእንደነዚህ ባሉ ቃላት እያንዳንዱ ጭብጨባ ኋላ አንድ ፊደል ይሆናል። ይህን በጆሮው የለየ ልጅ «ዶ»ን ወረቀት ላይ ሲያገኛት አስቀድሞ የሚያውቃትን ድምፅ ነው የሚያገኘው። ተረትና እንቆቅልሽም ለዚሁ ሥራ ናቸው፤ ጨዋታ ለማድመቅ ብቻ አላመጣቸውም። ተረት ሰምቶ «ከዚያስ ምን ሆነ?» ለሚለው በራሱ ቃል በቅደም ተከተል የሚመልስ ልጅ፣ አንድ ቀን አንቀጽ አንብቦ ይረዳል። ከዚህ ሁሉ ግን ደብተር ላይ የሚቀር የለም።

የሚኒባስ ታክሲ ሹፌር የሆኑ አንድ አባት፣ «ሚስ፣ ልጄ ዛሬም ሲጫወት ነው የዋለው?» አሉኝ። ድምፃቸው ትሑት ነበር፣ ቅሬታውም ይሰማል። «ነገ ጠዋት ትንሽ ጊዜ ካለዎት ገብተው ይቀመጡ» አልኳቸው። መጡ፤ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ልጆቹ ወንበር ሁለት ሁለት አድርገው ደርድረው ታክሲ ሠርተዋል። ረዳቱ የእሳቸው ልጅ ነው። «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ! ሁለት ሰው የቀረው!» ይላል፤ ሁለት ሰው ሲገባ በሩን ይዘጋል። ሒሳብ ይሰበስባል፤ ብሩ ቆርኪ ነው፣ መንገዱ ሦስት ብር። አንዷ ተሳፋሪ አምስት ቆርኪ ሰጠችው፤ መልስ ሳይሰጣት ወደሚቀጥለው ሊያልፍ ሲል «መልሴን!» ብላ ልብሱን ያዘችው። ቆጠረ፣ ሦስቱን ወደ ኪሱ፣ ሁለቱን ወደ እሷ። ከኋላ ደግሞ ሹፌር ለመሆን የቋመጠ ልጅ አለ፤ ሜክሲኮ ደርሰው እስኪመለሱ ተራው አይደለምና ከንፈሩን ነክሶ ተቀምጧል።

አባትየው እየሳቁ ነበር። እኔ ያን ሁለተኛውን ልጅ እንዲያዩልኝ ነበር የፈለግኩት። ሌላ ጊዜ የፈለገውን ካላገኘ መሬት ላይ የሚወድቅ ልጅ ነው። እዚያ ወንበር ላይ የያዘው የእኔ ቁጣ አልነበረም፤ ተሳፋሪ ነኝ ብሎ የተቀበለው ሕግ ነው። የሶቪየቱ የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ ከ90 ዓመታት በፊት ያስተማረው ይህን ነው፦ ልጅ በማስመሰል ጨዋታ ውስጥ ከዕድሜው ከፍ ብሎ ይገኛል፣ ምክንያቱም የያዘው ሚና ፍላጎቱን እንዲገታ ያስገድደዋል። እቃ እቃ ስትጫወት እናት የሆነችው ልጅ ማልቀስ ቢያምራትም አታለቅስም፤ እናት ናትና።

አባትየው ሲወጡ የጠየቁኝ ከመጀመሪያው የተሻለ ጥያቄ ነበር። «ታዲያ ይሄን ለምን ደብተሩ ላይ አትጽፉልንም?» እውነት ነው። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ለየልጁ አንዲት ብጫቂ ወረቀት እጽፋለሁ፦ «ከአምስት ላይ ሦስት ቀንሶ ሁለት መለሰ። ተራውን ጠበቀ። የታመመ ጓደኛውን ጠየቀ።» ልጅ ለሚበዛበት ክፍል አድካሚ ሥራ ነው፤ ግን ቤት ውስጥ የሚነሳውን ወሬ ይለውጠዋል።

ይህ ሁሉ የአንዲት መምህርት ምኞት እንዳይመስል አንድ የታወቀ ምሳሌ ላንሳ። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ኢፕሲላንቲ በምትባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ፔሪ በተባለ ትምህርት ቤት ሙከራ ተጀመረ። ከድሃ ጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦች የመጡ 123 ልጆች በዕጣ ተከፈሉ፤ 58ቱ ከሦስትና ከአራት ዓመታቸው ጀምረው ተማሩ፣ 65ቱ አልተማሩም። ልጆቹ ጠዋት ምን እንደሚጫወቱ ራሳቸው ያቅዳሉ፣ ያቀዱትን ይሠራሉ፣ በኋላ ተሰብስበው ምን እንደሆነ ያወራሉ። መምህራኑም በየሳምንቱ ቤታቸው ድረስ ሄደው እናቶቹን ያነጋግራሉ። በአእምሮ ፈተና የታየው ብልጫ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ጠፋ፤ ብዙዎች ሙከራው ከሸፈ አሉ። ልጆቹ አርባ ዓመት ሲሞላቸው ግን የተማሩት ከሌሎቹ ይልቅ ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱ፣ የተሻለ ገቢ ያላቸው፣ ከፖሊስም ጋር ያነሰ ጉዳይ ያላቸው ሆነው ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2000 የኖቤል ሽልማት ያገኘው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጄምስ ሄክማን መረጃውን መርምሮ የደረሰበት መደምደሚያ፣ አብሯቸው ያደገው ራስን መግዛት፣ የጀመሩትን መጨረስና ከሰው ጋር መግባባት ነው የሚል ነው። ተራውን የጠበቀውን ልጅ ሳይ የማስበው ይህን ነው።

አገራችን በዚህ ረገድ ተኝታለች አልልም። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ፤ ከዚያ በኋላ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው የአንድ ዓመት ኦ ክፍል ተስፋፋ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ የትምህርት ፖሊሲም ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎታል። ቅድመ አንደኛ በአንድ ትውልድ ውስጥ ከከተማ የግል አፀደ ሕፃናት ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ መድረሱ ትልቅ ነገር ነው። የሚያሳዝነኝ ኦ ክፍሉ በብዙ ቦታ የአንደኛ ክፍል ታናሽ ሆኖ መቅረቱ ነው። ለትልልቅ ልጆች የተሠራ አግዳሚ ላይ እግራቸው አየር ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀመጡ የአምስትና የስድስት ዓመት ልጆች፣ ጥቁር ሰሌዳ፣ «ከኔ በኋላ በሉ»። መምህሯ ብዙ ጊዜ ለዚህ ዕድሜ አልሠለጠነችም። አንዳንድ ቦታ ክፍሉ የሚሰጠው ሌላ ቦታ ለታጣለት መምህር ነው። እንዲህ ባለ ክፍል ሁለት ዓመት መቀመጥ ከአንድ ዓመት ይሻላል ብዬ ለመናገር አልደፍርም። ሰሌን፣ ጠጠር፣ ቆርኪ፣ ካርቶን፣ ጭቃና ከልጆች ጋር መሬት ላይ የምትቀመጥ መምህርት ያሉበት ክፍል ግን ቆርቆሮው ቢያፈስም ክፍል ነው።

ሳልጠቅስ ማለፍ የማልችለው ረሃብን ነው። የተራበ ትንሽ ልጅ እንደሚታሰበው አያለቅስም፤ ዝም ይላል። ጨዋታ ሲጀመር ዳር ይቀመጣል፣ ተረት ሲነገር ዓይኑ ይፈዛል፣ እኛም «ጨዋ ልጅ» እንለዋለን። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት ከመቶ 37ቱ የቀነጨሩ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ቁጥሩ 58 ነበር። የልጅ አንጎል አምስት ዓመት ሲሞላው የአዋቂን አንጎል መጠን ዘጠና በመቶ ያህል ይደርሳል። በዚህ መሀል የሚጎድል ምግብ በኋላ በትምህርት ብቻ አይሞላም። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ መስጠት ሲጀመር ለውጡን በጨዋታ ሰዓት ያየነው መምህራን ነን፤ ዳር ይቀመጡ ከነበሩት ልጆች ብዙዎቹ መሀል ገቡ።

ለመክፈል አቅም የሌላቸው እናቶች «ልጄ ቤት ዋለ፣ ቀረበት» ሲሉኝ የምነግራቸው አለ። ምስር ሲለቅሙ አጠገብዎ ያስቀምጡት፤ ጠጠሩን ለይቶ ያውጣ፣ ያወጣውን ይቁጠር። ቡና ሲፈላ ሲኒውን ለሰው ልክ ያቅርብ፤ ስንት ሰው አለ፣ ስንት ሲኒ ጎደለ? ማታ መብራት ሲጠፋ እንቆቅልሽ ይጠይቁት፣ እሱም ይጠይቅዎ። በአማርኛ ከሆነ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛ፣ በጉራጊኛ ከሆነ በጉራጊኛ፤ አፉን በፈታበት ቋንቋ። እንግሊዝኛው ይደርሳል። ወላጆች በማይችሉት እንግሊዝኛ ልጃቸውን ሲያናግሩ ስሰማ ያሳስበኛል፤ ልጁ በቀን የሚሰማው ወሬ ወደ ሃያ ቃል ይወርዳል።

ወላጆችን ግን በደብተር ጉዳይ አልወቅሳቸውም። ምክንያቱን አውቃለሁ፤ በርካታ የግል ትምህርት ቤቶች አንደኛ ክፍል ለመግባት የስድስት ዓመትን ልጅ ወረቀት ላይ ይፈትናሉ። የእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍ፣ ደምር፣ ቀንስ። ፈተናው እስካለ ድረስ አፀደ ሕፃናቱ ለፈተናው ያዘጋጃል፣ ወላጁም ደብተሩን ያያል። ርዕሳነ መምህራኑን የምለምነው በሚቀጥለው ምዝገባ ልጁን ጠረጴዛ ላይ ከማስቀመጥ ይልቅ ለሩብ ሰዓት እንዲያናግሩት ነው። ከቤቱ እስከዚህ እንዴት እንደመጣ ይንገራቸው። ስሙን እያጨበጨበ ይበል። አሥር ቆርኪ ሰጥተውት ለሁለት ሰው እኩል ያካፍል። ሌላ ልጅ አጠገቡ አስቀምጠው አንዲት ኳስ ይስጧቸውና ምን እንደሚያደርጉ ይመልከቱ።