ከጥገና በኋላ ጉልበት የሚያንሰው ትራክተር፤ ጥፋቱ የዕቃው ነው ወይስ የአገጣጠሙ?

የሰኔ ዝናብ ሳይገባ ማሳውን ደጋግሞ አርሶ ለመጠበቅ የሚጣደፍ የአርሲ ገበሬ፣ ሞተሩ ታድሶ የወጣው ትራክተር ማረሻ መጎተት ሲያቅተው የሚሄድባቸው ቦታዎች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ሞተሩን ካወረደው መካኒክ ዘንድ፣ ሁለተኛው ፒስተኑን ከገዛበት መደብር ዘንድ ነው። መካኒኩ «እኔ በሚገባ ገጥሜአለሁ፤ ጥፋቱ የተሸጠልህ ዕቃ ነው» ካለ ወዲያ ነገሩ በሙሉ በነጋዴው ጠረጴዛ ላይ ይወድቃል። ዕቃው ደግሞ አንድ ጊዜ በሞተር ውስጥ ከሠራ በኋላ ተመልሶ ለሌላ ሰው የሚሸጥ አይደለም። ነጋዴው ገንዘቡን ቢመልስ ይከስራል፤ አልመልስም ቢል ደንበኛውን ያጣል። ገበሬውም ቢሆን ገንዘቡ ስለ ተመለሰለት ብቻ ትራክተሩ አይድንለትም፤ ጥፋቱ ከአገጣጠሙ ከሆነ ሁለተኛው ፒስተንም እንደ መጀመሪያው ነውና።

ለነገሩ ማስረጃ እንዲሆን በብዙ አገር የታወቀውን ማሴይ ፈርጉሰን 135 መውሰድ ይበቃል። ይህ ትራክተር እ.ኤ.አ. በ1964 ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ ይሠራ የነበረው የናፍታ ዓይነት ባለ ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ሞተር የተገጠመለት ነው። የሞተሩ ይዘት 152 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለት ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ነው። አሠራሩ ቀላልና ጠንካራ በመሆኑ ከሃምሳ ዓመት በላይ ያገለገሉት ዛሬም በየአገሩ ያርሳሉ። በየጊዜው ሞተራቸው እየወረደ የሚታደሰውም ስለዚህ ነው።

ገበሬው «ትራክተሬ ደከመ» ብሎ ሲመጣ ከሁሉ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው የሞተሩ ድምፅ ነው። ማረሻው መሬት ሲይዝ የሞተሩ ድምፅ ሳይለወጥ ትራክተሩ ብቻ ወደ ኋላ የሚቀር ከሆነ፣ የሚንሸራተተው ፍሪሲዮኑ ነው እንጂ ሞተሩ አልደከመም። ፍሬኑ ጠብቆ ጎማውን የያዘው እንደ ሆነ ግን የሞተሩም ድምፅ ይወርዳልና ይህ ሊያሳስት ይችላል፤ ከጉዞ በኋላ የፍሬኑን ቤት በእጅ ዳስሶ መጋሉን ማየት ጥርጣሬውን ያስወግዳል።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ጢሱ ነው። ሞተሩ በጭነት እየደከመ ጢሱ ከጠቆረ፣ ናፍታው ከሚገባው አየር በልጧል ማለት ነው። አየር የሚያጣራው ዕቃ ዘይት የሚሞላበት ዓይነት እንደ መሆኑ መጠን፣ ዘይቱ ከምልክቱ በላይ ከተሞላ ወይም በአቧራ ጭቃ ከሆነ ሞተሩን ያፍነዋል። መካኒክ ቆሻሻ እንዳይገባ በአየር መግቢያው የወተፈውን ጨርቅ ረስቶ ቱቦውን ያሰረበት ጊዜም አይታጣም! ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ በኋላ ነጭ ወይም ግራጫ ጢስ ካልተወ፣ ናፍታው ዘግይቶ እየተረጨ ነው፣ አለዚያም እመቃው አንሷል። ሰማያዊ ጢስ የሚቃጠል ዘይት ምልክት ነው፤ አዲስ ፋሻ፣ ማለት የፒስተን ቀለበት፣ በገባበት ሞተር በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ጥቂት ቢታይ ግን የሚያስደነግጥ አይደለም።

ጢስ ሳይኖረው የሚደክም ሞተር የተራበ ሞተር ነው። ለጥገናው ሲባል ቱቦዎቹ ሁሉ ተፈትተዋል፤ በገንዳው ሥር የተኛው ዝቃጭም ተነቃንቋል። ስለዚህ ማጣሪያው አዲስ ካልተደረገ ይዘጋል። በየመጋጠሚያው ያሉት የመዳብ ቀለበቶች ዋጋቸው እጅግ ጥቂት ሆኖ ሳለ፣ አሮጌዎቹ ተመልሰው ከተገጠሙ አየር ያስገባሉ፤ አየር የገባበት ናፍታም ሞተሩን ያንገዳግደዋል። የገንዳው ክዳን መተንፈሻ ከተደፈነ ደግሞ ትራክተሩ በደህና ጀምሮ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይደክማል፤ ክዳኑ ሲላላ ጉልበቱ ከተመለሰ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ከዚህ ሁሉ የሚቀልና ከሁሉ ይበልጥ የሚረሳ አንድ ነገር አለ። ይኸውም የነዳጅ መስጫው ዘንግ ነው። ሞተሩ ሲወርድ ዘንጉ ይፈታል፤ ሲገጠም ጥቂት ካጠረ ወይም ከረዘመ፣ ነጂው እጀታውን እስከ መጨረሻ ቢስበውም በፖምፓው ላይ ያለው ምላስ እስከ መቆሚያው ቡሎን አይደርስም። ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ የሚሠራ ይመስላል እንጂ ሙሉ ናፍታ አላገኘም። የማጥፊያው ገመድም በሚገባ ካልተመለሰ ናፍታውን በከፊል ይዘጋል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ አንድ ሰው ከወንበሩ ላይ እጀታውን ሲስብ ሌላው ከፖምፓው ዘንድ ቆሞ ቢመለከት፣ በሁለት ደቂቃ የሚታወቅ ጉዳይ ነው፤ የሚያስወጣው ገንዘብም የለም።

ከዚያ በኋላ ለመካኒኩ ዕውቀት የሚቀርቡት ጥያቄዎች ይከተላሉ። የናፍታው ፖምፓ በተቀመጠበት ክፈፍ ላይና በሞተሩ አካል ላይ አንዳንድ መስመር ተቀርጿል፤ ሁለቱ መስመሮች ካልተገናኙ ናፍታው ያለ ጊዜው ይረጫል። በፊት ለፊት ክዳን ውስጥ ያሉት ማርሾችም ምልክት አላቸው፤ አንድ ጥርስ ብቻ ቢዛነፍ የሞተሩ ጉልበት ይጎዳል። መካከለኛዋ ማርሽ የራስዋ ፍጥነት ስላላት፣ አንድ ጊዜ የተገናኙት ምልክቶች በየዙሩ ተመልሰው አይገናኙም፤ ይህን የማያውቅ ሰው ደህናውን «ተዛንፏል» ብሎ ሊያበላሽ ይችላል።

የቫልቮቹ ክፍተት በቀዝቃዛ ሞተር 0.30 ሚሊሜትር ነው። አዲሱ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ሞተሩ ጥቂት ከሠራ በኋላ ስለሚጨመቅ፣ ቴስታታው እንደገና ሊጠብቅና ክፍተቱ እንደገና ሊለካ ይገባል። ይህ ካልተደረገ ክፍተቱ ይጠብና ቫልቮቹ በሚገባ አይዘጉም፤ እመቃውም ያመልጣል። ትራክተሩ በተሠራ በሁለተኛው ሳምንት የሚጀምረው ድካም ብዙውን ጊዜ ከዚህ የመጣ ነው፤ ነገር ግን ገበሬው ማሳው ሩቅ በመሆኑ አይመለስም፣ መካኒኩም ሂሳቡን ተቀብሏልና አይጠራውም።

የገበሬውም ድርሻ አለበት። «አዲስ ነውና ይረፍ» እያለ ሞተሩን ያለ ጭነት ለብዙ ሰዓት ማስነሣት ርኅራኄ ይመስላል፤ ሆኖም አዲስ ፋሻ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር የሚዋደደው በመጠነኛ ጭነት ሲሠራ ነው። ያለዚያ ግድግዳው እንደ መስተዋት ይለሰልስና ፋሻው ሳይዋደድ ይቀራል።

ዕቃው ራሱ ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ መኖሩ አይካድም፤ አስመጪዎችን የሚመለከተውም ይህ ነው። ማሴይ ፈርጉሰን 35 የሚባለው ቀዳሚ ትራክተር እስከ 1959 መጨረሻ ድረስ የናፍታ ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር የስታንዳርድ ሞተር ነበረ፤ ባለ ሦስት ሲሊንደሩ ፐርኪንስ የተተካው ከዚያ በኋላ ነው። የ135ም ቢሆን በቤንዚን የሚሠራ ዓይነት ነበረው። እንግዲህ በትራክተሩ ስም ብቻ የሚጻፍ ትእዛዝ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ግልጽ ነው። የኮቨንትሪው ፋብሪካ በ2003 ተዘግቷል፤ የዚህ ዓይነት ሞተር መለዋወጫ ዛሬ ከሕንድ፣ ከፓኪስታንና ከቱርክ ጭምር ስለሚመጣ፣ ሊታመን የሚገባው በሳጥኑ ላይ የታተመው ሥዕል ሳይሆን በሞተሩ አካል ላይ የተቀረጸው ቁጥር ነው።

ያልተስማማ ፒስተን ደግሞ ቴስታታው ሳይዘጋ ራሱን ያጋልጣል። ፒስተኑ እስከ ላይ ሲወጣ አናቱ ከሲሊንደሩ ገጽ ጋር የሚኖረው ልዩነት በፋብሪካው መጽሐፍ ተወስኗል፤ ከተወሰነው ዝቅ ካለ እመቃው ይጎድላል። መካኒኩ ይህን ለክቶ ስሕተት ቢያገኝ፣ ዕቃው ገና ስላልሠራ ያለ ክርክር ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ሻጩ በደረሰኙ ላይ የሞተሩን ቁጥር ጽፎ፣ «የፒስተኑ ከፍታ ቴስታታው ሳይዘጋ ይለካ፤ ልዩነት ከተገኘ ዕቃው በዚያው ይመለስ» የሚል አንድ መስመር ቢጨምርበት፣ ማጣሪያውንና የመዳብ ቀለበቶቹንም ከፒስተኑ ጋር አብሮ ቢያቀርብ፣ ሰኔ ሲገባ ጠረጴዛው ላይ የሚወድቀው ክስ እጅግ ያንሳል።